ቀጭ ያላለው ብሎን

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ሙሉእመቤት ናት። ቀኝ እጄ የሚደነዝዝበትን ቀንና ሰዓት እየጻፍኩ ለሐኪም እንዳሳይ ነው። ሚስቴ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ስለምትሠራ ሰው ሁሉ በሽተኛ ይመስላታል። እጄ ደህና ነው። ደብተሩ ግን ጥሩ ደብተር ስለሆነ ስለ መኪናው እጽፍበታለሁ።

ልጃችን ሐሴት ክለባችንን «የሽማግሌዎች መጫወቻ» ትለዋለች። አንድ ቀን ይህን ካነበበች እንዲገባት ከመጀመሪያው ላስረዳ። ኪት መኪና ማለት በሳጥን የሚመጣ መኪና ነው። ሻንሲው፣ የፋይበር አካሉ፣ በየከረጢቱ የታሸገ ብሎንና ዳዶ ይመጣል፤ ሞተሩንና ካምቢዮውን ከአሮጌ መኪና አውጥተህ ታስገባለህ። ብቻውን የጀመረ ሰው አምስት ዓመት ይፈጅበታል፤ ብዙው ሳይጨርስ ይሸጠዋል። እኛ ግን የጉልበት እቁብ ገባን። ስድስት ነን። ዕጣ እናወጣለን፣ የወጣለት ሰው መኪና እስኪንቀሳቀስ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁላችንም እሱ ላይ እንረባረባለን። ከዚያ ሌላ ዕጣ። ሦስት ሠርተናል። አራተኛው የኪሩ ነው። ከእሱ በኋላ የቀረነው ተሻለችና እኔ ነን።

የሥራውን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የአውቶቡስ መካኒክ ነበርኩና ማን ሊያወጣው ኖሯል? ብሎን ሁሉ በቶርክ ቁልፍ ይጠብቃል። ይህ ረጅም ቁልፍ ልኩ ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ይላል። ቀጭ ሲል ያጠበቀው ሰው በራሱ ቀለም ከብሎኑ ወደ ብረቱ አንድ መስመር ያሰምራል። ኪሩ ቀይ፣ ሊቀመንበራችን ስለሺ ሰማያዊ፣ ተሻለች ቢጫ፣ እኔ አረንጓዴ፤ ሌሎቹ ሁለቱም የየራሳቸው አላቸው። መስመር ያለበትን ብሎን ከዚያ ወዲያ ማንም አይጠይቅም። ሰውን ማመን ማለት ይኸው ነው።

ዛሬ ኪሩ ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ አራት ብሎን አስቀድሞ በቀይ አሰመረና ከዚያ ማጥበቅ ጀመረ። በሰው ፊት የቀለም እስክሪብቶውን ከእጁ ተቀበልኩት። ሁለት ቅዳሜ ቁልፍ አትነካም፣ መጥረጊያውን ያዝ አልኩት። የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነው፣ አገር ላገር የሚያቋርጥ የጭነት መኪና ይነዳል። መጥረጊያውን ተቀብሎ ጠረገ። ሁሉን ነገር ቃለ ጉባኤ ላይ የሚያሰፍረው ስለሺ ይህንንም ጻፈ።

ስንወጣ ተሻለች «ጋሼ፣ ዛሬ ትንሽ አበዛኸው» አለችኝ። መኪና ላይ ማብዛት የሚባል ነገር የለም አልኳት።


ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10

ሻይ ፈሰሰብኝ። ብርጭቆው እርጥብ ነበር። ሙሉእመቤት ደብተሩ ላይ ጻፍከው ወይ አለች። ይኸው ጻፍኩት።


ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12

መኪናዬን ቤት ትቼ ከሰፈራችን ከኢስት ዮርክ በአውቶቡስ ሄድኩ። ጋራዣችን ባለበት በኤግሊንተን ዌስት መንገድ ላይ በዚያ ማለቂያ በሌለው የባቡር ግንባታ ምክንያት መኪና ማቆሚያ አይገኝም። ሙሉእመቤት «ባለፈው ዓመትም አይገኝም ነበር፣ ያኔ ግን ትነዳ ነበር» አለችኝ። ሴትዮዋ መዝገብ ትይዛለች መሰለኝ።

ጋራዣችን ከቶሚ ሱቅ ጀርባ ነው። ቶሚ መኪና ቀለም የሚቀባ ጃማይካዊ ነው፣ ኋለኛውን ክፍል ለእኛ ለቆልናል። ባቡሩና የእናንተ መኪና ማን ቀድሞ ይንቀሳቀስ ይሆን እያለ ይስቅብናል። ከሦስት ዓመት በፊት ባቡሩ ከአራተኛው መኪናችን ይቀድማል ብሎ ከስለሺ ጋር ተወራርዶ ነበር። አሁን ስለ ውርርዱ ማንሳት አይወድም።

የምሳ ተረኛው ኪሩ ስለነበር እናቱ እማማ የኔነሽ የጾም ምግብ አሸክመውት መጡ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ሻንሲውን ዞረው ዞረው አዩና ጣራው የት አለ ብለው ጠየቁ። ኪሩ ጣራ የለውም እማዬ አላቸው። እሳቸውም ይሁን፣ ሳያልቅ አላማውም አሉ። መጀመሪያ የሚቀመጡበት እሳቸው ናቸው። ኪሩ ይህን ሲናገር እኔን እያየ ነበር። «ሱዳን ድረስ በጀርባዋ አዝላኛለች፣ ጋሼ። እኔ በሠራሁት ላይ ደግሞ እሷ ትቀመጥ።» ከዚያ ተመልሶ ወደ መጥረጊያው ሄደ።

እኔም ያን ጊዜ አንድ ደህና ቃል ልናገረው ይገባ ነበር።


እሑድ፣ ኤፕሪል 20፣ ፋሲካ

ዶሮው ጥሩ ነበር። የአረቄውን ጠርሙስ የከፈተው የሐሴት እጮኛ ነው። እኔ ሆን ብዬ ነው የሰጠሁት፣ እንግዳ ማክበር ነው።

ወንድሜ ሃብታሙ ከአዲስ አበባ ደወለ። ስልኩን የምትይዝለት ሚስቱ ናት። ሁለቱም እጆቹ ይንቀጠቀጣሉ፣ አሁን አንደበቱም ከበድ ብሎታል። በእኔ ዕድሜ ነው የጀመረው፣ በቀኝ እጁ። ሙሉእመቤት ከሳህን ማጠቢያው ዞር ብላ አየችኝ።

የእኔ ሌላ ነው። እሱ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ እኔ የሚደነዝዘኝ ነው። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣት። ሌሊት ያስነሳኛል፣ እያራገፍኩት እቀመጣለሁ። ይኸው ጻፍኩት፣ ግን ለሐኪም አይደለም።


ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 26

ባለፈው ሳምንት ቅዳም ሥዑር ስለነበር አልሠራንም። ስለሺ ያ ቀን ከኪሩ ቅጣት ይቆጠር አይቆጠር ብሎ ሩብ ሰዓት ሰበሰበን። ኪሩ አይቆጠርም ብሎ ራሱ ወሰነና ዛሬም ጠረገ። ማታ ቀዩን እስክሪብቶ መለስኩለት። አመሰግናለሁ ጋሼ አለ። አንድም ቂም አላየሁበትም፣ እኔ ብሆን እይዝ ነበር።

ቁልፉን አሁን በሁለት እጅ ነው የምስበው። ረጅም ቁልፍ ስለሆነ እንዲያውም ድሮም በሁለት እጅ መሳብ ነበረብኝ።

የወንበሩን ልብስ የምትሰፋው ተሻለች ናት፣ ዕድሜዋን ሁሉ በልብስ ስፌት ነው የኖረችው። ሥራ ካለቀ በኋላ ወንበር ልለካ ብላ ትቀራለች። ትንሽ መስታወትና ባትሪ ይዛ መኪናው ሥር ትገባለች። ወንበር በመስታወት እንደሚለካ አላውቅም ነበር።


ሐሙስ፣ ሜይ 8

ሙሉእመቤት የያዘችልኝን የሐኪም ቀጠሮ አስተላለፍኩት። የመኪናው ሥራ በጣም በዝቷል። እሷም ዛሬ እኮ ሐሙስ ነው አለች።

ሐሙስም ቢሆን ሰው ያስባል።


ቅዳሜ፣ ሜይ 17

ሞተሩ ገባ። ስለሺ ፎቶ ሲያነሳ እኔን መሃል አቆመኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ከሰዓት በኋላ ግን ከመጸዳጃ ቤት ስወጣ ስለሺና ኪሩ ከበሩ ወዲያ ሲያወሩ ሰማሁ። ስለሺ «የዘመድኩንን ዕጣ ምን እናድርገው? እንዲህ ከሆነ መጠበቅ አንችልም» ይላል። ኪሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መለሰ፣ አልሰማሁትም። ውሃውን ድጋሚ ለቀቅኩና እያሳልኩ ወጣሁ። ሁለቱም ስለ አየር ሁኔታ ማውራት ጀመሩ።

የጉልበት እቁብ ነው። ጉልበት የሌለው ምን ይዞ ይገባል? ስድስት ዓመት የሰው መኪና ሳጠብቅ ኖሬ የእኔ ተራ ሲደርስ አንተ ይቅርብህ ሊሉኝ ነው። እነሱም ቢሆኑ አይፈረድባቸውም፣ ሕጉን ያወጣሁት እኔው ነኝ። ግን ቢጠረጥሩም እርግጡን አያውቁም። ካላወቁ ምንም የለም። መኪናው እስኪነዳ ሦስት ቅዳሜ ብቻ ነው የቀረው።


ቅዳሜ፣ ሜይ 24

ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚይዘው የኋላው ክንድ ሁሉ ገባ። ጨረስን። እጄ ደህና ነው።

ተሻለች ኦታዋ ናት፣ ልጇ ወልዳለች። ሴት ልጅ ናት። ሁለት ሳምንት ትቆያለች።


ሰኞ፣ ሜይ 26

ቀጭ አላለም።


ሐሙስ፣ ሜይ 29

እሺ፣ ልጻፈው። ደብተር ነው እንጂ ሰው አይደለም።

የኋላ ግራ ጎማን ከሻንሲው ጋር የሚይዘው የላይኛው ክንድ፣ ውስጠኛው ብሎን። የመጨረሻው ነበር፣ የዚያን ቀን ለእኔ የደረሰኝም እሱ ብቻ ነው። ኪሩ ውጭ ጎማ ያወርዳል፣ ስለሺ የቃለ ጉባኤ ደብተሩን ይዞ ከራሴ በላይ ቆሟል። አንድ ጊዜ ሳብኩ፣ አውራ ጣቴ ለቀቀ። ሁለተኛ ሳብኩ፣ ቁልፉ ወለሉ ላይ ወደቀ። ስለሺ አለቀ ወይ አለኝ። ከኪሴ አረንጓዴውን አውጥቼ አሰመርኩ። ስለሺ «ተጠናቀቀ» ብሎ ጻፈ።

ይኸው ነው። ሦስት ሰከንድ አይፈጅም። ኪሩ ያሰመረው ሊያጠብቅ አስቦ ነው። እኔ ያሰመርኩት እንደማልችል አውቄ ነው። እሱን በሰው ፊት መጥረጊያ አስያዝኩት።

ለስለሺ ትንሽ አግዘኝ ማለት ምን ነበረበት? አራት ቃል አይሞላም።

ምናልባት በቂ ጠብቆ ይሆናል። ቀጭ አለማለቱ ላላ ማለት አይደለም። ለትንሽ የቀረው ሊሆን ይችላል። አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ እንዲህ የሚል ሰው ቢመጣብኝ ኖሮ አባርረው ነበር።


ቅዳሜ፣ ሜይ 31

ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ቀረሁ። በስድስት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ሙሉእመቤት ግንባሬን ነካች፣ ሾርባ ግን አልሠራችልኝም።

ኪሩ ደወለ። ጎማዎቹ ገብተዋል። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ስለሺ ከጋራዡ አጠገብ ካለው መጋዘን ጀርባ ያለውን ባዶ ሜዳ አስፈቅዷል፣ መኪናው ለመጀመሪያ ጊዜ ይነዳል። «እማዬ ሻሽ ገዝታለች፣ ጋሼ። ይሁን የሚሉት እርስዎ ነዎት።» በክለባችን ልማድ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ነጂው ይሁን ብሎ ይጠይቃል፣ እኔ ይሁን እላለሁ። ሦስቱንም መኪና ይሁን ብዬ ነው ያስነሳሁት።


ማክሰኞ፣ ጁን 3

ዘዴ አገኘሁ ብዬ ጠዋት ሄድኩ። ሰው ሳይኖር ብሎኑን አጥብቄ እመለሳለሁ። አውቶቡሱ በግንባታው ምክንያት መንገድ ቀይሮ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ቶሚ ከፈተልኝ።

ጎማው ስለገባ ቦታው ጠቦ ነበር። ክሪኩን ለማንሳት እንኳ ሦስት ጊዜ አረፍኩ። ጎማውን ለማውጣት ሞከርኩ፣ አልተቻለም። በጎን ቁልፉን አስገብቼ በሁለት እጅ፣ ከዚያ በጉልበቴ ተደግፌ ሳብኩ። እጄ የሌላ ሰው እጅ ነው። ቁልፉ ወደቀ፣ ድምፁ ቶሚን አመጣው። በሩ ላይ ቆሞ አየኝና አለቃ፣ እኔ ልሳበው አለ። ምንም አይደለም፣ እያየሁት ብቻ ነው አልኩት።

እንዲህ ያለ ደደብ ሰው ነኝ። መፍትሔው በር ላይ ቆሞ ነበር። ቶሚ ስለ ክለቡ ሕግ ምንም አያውቅም፣ ለማንም አይናገርም። ግን ልሳበው ሲለኝ በሃብታሙ ሚስት እጅ ያለው ስልክ ታየኝ፣ አንገቴ እስኪግል ተናደድኩ። ክሪኩን አውርጄ በዚያው አውቶቡስ ተመለስኩ።


ዓርብ፣ ጁን 6

ሙሉእመቤት ዛሬ እራት ላይ እንጀራውን በግራ እጄ ስቆርስ አየችና ሳህኔን ወደ ራሷ ሳበች። ዘመድኩን፣ የምትፈራው ሐኪምን ነው ወይስ እኔን አለችኝ። ሁለታችሁንም አይደለም አልኳት። ታዲያ ማንን ነው? አለችና ጠቅልላ አጎረሰችኝ።

ነገ ለስለሺ ብቻ እነግረዋለሁ፣ ቀድሜ ደርሼ። በር ላይ ለብቻው። ብዙ ሰው ማወቅ የለበትም።


ቅዳሜ፣ ጁን 7

የዛሬውን በሙሉ ልጽፈው ነው፣ እጄ እስከፈቀደልኝ። በየመስመሩ አርፋለሁ።

ቀድሜ አልደረስኩም። አውቶቡሱ ዘገየ። ስደርስ መኪናው ሜዳው ላይ ወጥቷል። ፋይበሩን ቶሚ በውለታ ቀብቶታል፣ እንደ ብርቱካን ነው። ስለሺ ደብተሩን ታቅፎ ይንጎራደዳል። ተሻለች ከኦታዋ ተመልሳለች፣ የሕፃኗን ፎቶ ታሳየኛለች፣ አየሁም አላየሁም አላስታውስም። ስለሺን ለብቻው ልጠራው አልኩ፣ ሰው በዛ። ከአፍታ በኋላ አልኩ። ከዚያ እማማ የኔነሽ አዲሱን ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው ሲቀመጡ አየሁ። ኪሩ ቀበቷቸውን አስሮላቸው፣ ዞሮ ገባ፣ መሪውን ያዘ። እሳቸው አማተቡ። የተቀመጡት በቀኝ ነው፣ የላላው ግን ግራው ነው ብዬ ሳስብ ራሴን ሰማሁት። ይህን ማሰቤን አልረሳውም።

ኪሩ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ይሁን?» አለኝ።

«አይሁን» አልኩ። «እማማ ይውረዱ።»

ሁሉም የሳቀ መሰለኝ። ኪሩ ግን የሞተሩን ቁልፍ ነቀለ።

«የኋላ ግራ፣ የላይኛው ክንድ፣ ውስጠኛው ብሎን። ቀጭ ሳይል ነው ያሰመርኩት። እጄ አልቻለም። ከክረምት ጀምሮ አይችልም።»

ቶሚ ለእማማ ወንበር አመጣላቸው። ኪሩ መኪናውን ገፍቶ አስገባ፣ በክሪክ አነሳ፣ ጎማውን ፈታ፣ የቶርክ ቁልፉን ከግድግዳው አወረደ። እኔ አንድ ትርፍ ጎማ ላይ ተቀምጫለሁ። ሁላችንም ቀጭ እንዲል ጆሯችንን አቁመን እንጠብቃለን። አንዴ ሳበው፣ ዞረ። ደገመ፣ ዞረ። ግማሽ ዙር ሄደ፣ ከዚያ ሌላ ሩብ። ከዚያ ነው ቀጭ ያለው። ለትንሽ የቀረው አልነበረም። መኪናው ሜዳውን ሁለቴ ሳይዞር ያ ብሎን ይወጣ ነበር። አለቀስኩ። ሰው አየኝ አላየኝ ግድ አልሰጠኝም።

ከዚያ ሌላውስ ብዬ ተነሳሁ። እጄ ከከዳኝ ቆይቷል፣ ሌሎቹም አረንጓዴዎች በደካማ እጅ ስለተሳቡ ቀጭ ብለው እንኳ ልኩን ላይዙ ይችላሉ፣ መኪናው ሁሉ ይፈታ አልኩ። ተሻለች ክንዴን ይዛ «ተቀመጥ፣ ጋሼ» አለችኝ። መስታወቷንና ባትሪዋን አመጣች። የፊት ቀኙን አሳየችኝ። ከእኔ አረንጓዴ መስመር ጎን፣ ከጀርባ በኩል፣ ፀጉር የምታህል ቢጫ መስመር አለች። የፊት ግራውንም አሳየችኝ። የሞተሩን መያዣ፣ የመሪውንም። ከዚያ ከአንዱ ብሎን በቀር አረንጓዴ ባለበት ሁሉ ቢጫ አለ። ከፋሲካ ጀምሮ፣ እኛ ከሄድን በኋላ፣ ሁሉንም ደግማ ስባቸዋለች።

«ያንን ብቻ ነው ያልደረስኩበት፣ ኦታዋ ነበርኩ። ዛሬ ጠዋት ላየው ገባሁ፣ ጎማው ገብቶ መስታወቱ አላሳይ አለኝ። እንዳልጠይቅህ ደግሞ ፈራሁህ።»

ፈራሁህ አለች። እንግዲህ ይህን ያህል ነው የተከበርኩት፤ ሰው የእማማን ሕይወት የሚይዝ ብሎን እንዳይጠይቀኝ እስኪፈራ ድረስ። ጥፋቱ የእጄ ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

ኪሩ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወደ ጥግ ሄደ። ሊሰድበኝ ቃል የሚፈልግ መሰለኝ፣ ይገባኝም ነበር። መጥረጊያውን ይዞ መጣ። ፊቴ ቆሞ አቀበለኝና ሌላውን እጁን ዘረጋ።

«ሁለት ቅዳሜ ነው፣ ጋሼ። እስክሪብቶውን ይስጡኝ።»

ሰጠሁት። አረንጓዴዋን ከደረት ኪሱ ከታት። ስለሺ ደብተሩ ላይ ጻፈ። እኔ በግራ እጄ መጥረግ ጀመርኩ፣ ጥሩ ይጠርጋል ግራ እጅ። እማማ የኔነሽ ከወንበራቸው ሆነው ጠርገህ ስትጨርስ ና፣ ምሳ ይቀርባል አሉኝ።

ኪሩና ተሻለች ብሎኑን ሁሉ አንድ በአንድ ዳግም ሳቡት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኪሩ መሪውን ይዞ ይሁን አለ። መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ይሁን አልኩ። ሦስት ዙር ዞሩ። እማማ ሻሻቸው ወልቆ በእጃቸው ይዘውት እየሳቁ ተመለሱ። ጣራ ቢያስገቡበት ይጣላሉ።

ስወጣ ስለሺ ቃለ ጉባኤውን አስነበበኝ፣ ልማዱ ነው። «አቶ ዘመድኩን፦ ሁለት ቅዳሜ መጥረጊያ። ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል።» ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኳት።

ስለዚያ ስለ ዕጣው ወሬም ጠየቅኩት፣ ዛሬ ያልተባለ ነገር እንዳይቀር። ስለሺ አፈረ። እጄ ሳይብስ የእኔን መኪና ያለ ዕጣ እናስቀድምለት ብለው ነበር የሚማከሩት። ተሻለች ተራዋን ለመልቀቅ እሺ ብላ ነበር። እኔ ደግሞ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ቆሜ ውሃ ስለቅ።


ሐሙስ፣ ጁን 12

ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሙሉእመቤት አልተለየችኝም። ሐኪሟ መቼ መቼ ነው የሚደነዝዝህ አለች። ደብተሩን አወጣሁና እየፈለግኩ በእንግሊዝኛ ነገርኳት፤ ሻይ፣ ጠርሙስ፣ ሌሊት፣ የሦስቱ ጣቶች ስም። የእጄን አንጓ በጣቷ መታ መታ አደረገችው፣ እስከ ጣቴ ነዘረኝ። በመዶሻና በቁልፍ የኖረ ሰው ላይ የሚመጣ ነው አለች፣ አንጓ ላይ የታፈነ ነርቭ። የወንድሜን ነገር ነገርኳት። ዓይኔን፣ አረማመዴን፣ ሌላውንም እጄን አየች። የዚያ ምልክት የለህም አለች። ለማረጋገጥ የነርቭ ምርመራ አለ፣ ከዚያ ትንሽ ቀዶ ጥገና።

ውጭ ስንወጣ ሙሉእመቤት አልተቆጣችኝም። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ኬክ ገዛችልኝና ሁለት ወር ሙሉ ሳልተኛ ያደርኩት በዚህ ነው አለች። እሷም እንደማትተኛ አላወቅኩም ነበር። ጠይቄያት አላውቅም።


ቅዳሜ፣ ጁን 14

ጠረግኩ። ከመደርደሪያው ሥር ከመጀመሪያው መኪና የጠፋ ዳዶ አገኘሁ።


ቅዳሜ፣ ጁን 21

ጠረግኩ። መኪናው ረቡዕ ሴፍቲ የሚሉትን የደህንነት ምርመራ አልፏል፣ ታርጋም ወጥቶለታል። ስለሺ ምርመራ ያደረገው ሰው ይህ ሁለት ሁለት መስመር ምንድነው ብሎ እንደጠየቀው ነገረን። ስለሺም ሕጋችን ነው አለው። ከዚያ ዛሬ ስብሰባ አደረገና ሕጋችን አደረገው። ከእንግዲህ ብሎን ሁሉ ሁለት ቀለም ይኖረዋል፣ አንዱ የሳበው፣ ሌላው ያየው። የማንም ብሎን አይጠየቅም የሚለው የእኔ ሕግ ተሰረዘ። እኔም ለመሰረዙ ግራ እጄን አነሳሁ።

ያለ ዕጣ ቅድሚያ መውሰዱን እምቢ አልኩ። ዕጣ ይውጣ አልኩ።


ቅዳሜ፣ ጁን 28

ኪሩ እናቱን ይዞ ከኤግሊንተን ወጣ። ቶሚ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ ባዶውን የባቡር ጣቢያ አየና ውርርዱን መሸነፉን ለስለሺ አመነ። እኛ በሁለት መኪና ከኋላ ተከተልን። ዳንፎርዝ ላይ ሰው ከየሱቁ እየወጣ ያጨበጭብ ነበር፤ እማማ የኔነሽ ለማያውቁት ሁሉ ሰላምታ ይሰጣሉ። ኪሩ መብራት ላይ ሲቆም ሁሉ ወደ ኋላ ዞሮ የግራውን ጎማ ያያል። እኔም አየዋለሁ። ይህ የሚለቀን አይመስለኝም።

ምሳ ከበላን በኋላ ዕጣውን እማማ አወጡ። ሁለት ብጣሽ ወረቀት ነበር። የተሻለች ወጣ። ደስ አለኝ፤ ለአንድ አፍታ ከፋኝ፣ ከዚያ በእውነት ደስ አለኝ። ሳጥኖቿ ቶሚ ጋር ከደረሱ አንድ ወር ሆኗቸዋል፣ ስለዚህ ወደ ጋራዡ ተመልሰን አንዱን ከፈትን። ተሻለች የመጀመሪያውን ክንድ አውጥታ ሻንሲው ላይ አስቀመጠች። ቁልፉን ያዘች፣ ሳበች፣ ቀጭ አለ። በቢጫ አሰመረች። ከዚያ ሁሉም ባለበት ቆመ። የሚጠብቁት እኔን እንደሆነ ዘግይቶ ገባኝ።

ተንበርክኬ በመስታወቷ አየሁት፣ የቁልፉን ቁጥር አነበብኩ። ደግመሽ ሳቢው አልኳት። ሳበች፣ ቀጭ አለ። ኪሩ ከደረት ኪሱ አረንጓዴውን አውጥቶ ሰጠኝ። እጄ ስለደነዘዘ መስመሩ ትንሽ ተጣመመ፣ ግን ከቢጫው ጎን አሰመርኩት።